ከሁሉም በታች የተጠመቀችው ታደለች

እርጥብ ሸክላ ሲሸተኝ እናደዳለሁ። ሌላው ሰው ሽታውን ይወደዋል፤ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ሲነካው ያለውን ሽታ ያስታውሳል ይላሉ። ያስታውስ። እኔን ግን አንጀቴን ያሳርረኛል።

ባለፈው ዓመት ሆሳዕና የሄድኩት በልጅነቴ የተማርኩበት ጸሎት ቤት የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ተጋብዤ ነው። ወጣቶቹ ደጅ ላይ ድንኳን ተክለው፣ የባህል ልብስ ለብሰው፣ ለእንግዳው ሁሉ ውሃ በአዲስ የሸክላ ኩባያ ያድላሉ። «የአባቶቻችን ባህል ነው እማማ» አለችኝ አንዷ፣ በሁለት እጇ እያቀበለችኝ። ውሃው ሸክላው ውስጥ ሲሰርግ ያ ሽታ ተነሳ። በዚያው ቅጽበት መድረኩ ላይ ክራባት ያሰረ ሰባኪ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አባቶቻችን ቃሉን ሳይሸራርፉ ኖሩት! እኛስ?» አለ። ጉባኤው «አሜን!» አለ። እኔ አሜን አላልኩም።

ሳይሸራርፉ! እኔ እኮ ነበርኩ። ምኑን እንደሸረፉት፣ በማን ላይ እንደሸረፉት በዓይኔ አይቻለሁ። ሰባኪው ልጅ ነው፤ የነገሩትን ነው የሚናገረው፤ በእሱ አልፈርድም። ነገር ግን «ቃሉን በዕለት ኑሯችን እንኑረው» የሚል ሰው፣ በፊት ሳንኖረው የቀረነውንም አብሮ መናገር አለበት። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብዬ ብዙ ዘመን ዝም ብያለሁ። ሆዴ ግን አልፈጀውም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ ሆመቾ አካባቢ ገበሬ ነበር፤ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ትምህርቴን እንድቀጥል ሆሳዕና እህቱ ጋ ላከኝ። አክስቴ ዘነበች ልጅ አልነበራትም። ባሏ አባባ ኤርሱሞ ገበያው ዳር ጨውና ሻሽ የሚሸጡ ነጋዴ፣ የጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነበሩ። አንቱ ማለቱን ዛሬም አልተውኩትም፤ ንዴቴ ሌላ፣ ማክበሬ ሌላ።

አባባ ኤርሱሞ ሲሰብኩ ሰው አያስነጥስም። የሚወዱት ንግግር ነበራቸው፦ «ቃሉ የእሁድ ልብስ አይደለም! እሁድ ለብሰነው ሰኞ ሳጥን ውስጥ የምንከተው አይደለም! በገበያ፣ በእርሻ፣ በጓዳ፣ በማዕድ፣ እዚያ ነው ክርስቲያን የሚታወቀው!» በአማርኛ ተናግረው ራሳቸው ወደ ሀዲይኛ ይመልሱታል። በሁለቱም ቋንቋ ያምራል። እኔ ከሴቶቹ መሃል ቁጭ ብዬ፣ «ይህ ሰውዬ የአክስቴ ባል ነው» እያልኩ በሆዴ እኮራ ነበር።

የእኔ ሥራ ማንበብ ነበር። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ አማርኛም የገበያውን ያህል ነው የምታውቀው። ያኔ መጽሐፍ ቅዱስ በሀዲይኛ የሚባል ነገር የለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮ ትጠብቀኛለች፤ እሷ እንሰት ትፍቃለች፣ እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አንብቤ በሀዲይኛ እነግራታለሁ። የእንሰቱ ጭማቂ እየተረጨ ገጾቹን ስላቆሸሸው አባባ ኤርሱሞ ይቆጡ ነበር። አንዳንዱ የአማርኛ ቃል ለእኔም አይገባኝም፤ ያልገባኝን ዘልዬ ሳልፍ አክስቴ ታውቅብኛለች። «አንድ ነገር ውጠሻል፤ ተመለሺ» ትለኛለች።

ታደለችን ያወቅኋት ሆሳዕና በመጣሁበት በጋ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ከሚኖሩት ሸክላ ሠሪዎች አንዷ ነበረች። የአካባቢው ሰው ለእነሱ ያወጣላቸው ስም አለ፤ እዚህ አልጽፈውም፤ በዚያ ስም የጠራናቸው ይበቃቸዋል። በገበያ ቀን ድስቱንና ጣባውን በጀርባዋ ተሸክማ ትመጣለች፤ ገበያው ሲበተን ደግሞ አክስቴ ደጃፍ አረፍ ትላለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጣቶቿ ሁልጊዜ የተሰነጣጠቁ ሴት ነበረች። አታጎበድድም። አክስቴን «እትዬ» ትላታለች እንጂ ዓይኗን መሬት ላይ አትጥልም።

እኔ ታደለችን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር የማያት። ምክንያት ነበረኝ። ለሌላው እንግዳ፣ ለሽማግሌም ቢሆን፣ ቆጮ የሚቀርበው በአሮጌው ጣባ ነው፤ ለእሷ ግን አክስቴ ጓሮ ሄዳ አዲስ የእንሰት ቅጠል ቆርጣ፣ አጥባ ታነጥፍላታለች። ሌላው ሰው ውሃ የሚጠጣው ሁሉም በሚጠጣበት ጣሳ ነው፤ ለእሷ አክስቴ ራሷ ቆማ ከላይ ወደ መዳፏ ታንቆረቁርላታለች። ሌላው ጨለማው ቤት ውስጥ ይታጎራል፤ እሷ ፀሐይ ያለበት ደጅ ትቀመጣለች። ለእኔ ይህ ሁሉ ክብር ነበር። ቀናሁባት። ለእኔም ቅጠል እንዲነጠፍልኝ አማረኝ።

አንድ ቀን አክስቴ ጓዳ ስትገባ ሄጄ ታደለች አጠገብ ተቀመጥኩና ከቅጠሉ ላይ ቆጮ ቆርሼ ጎረስኩ። ታደለች መብላቷን አቆመች። «ተነሺ ልጄ» አለችኝ ቀስ ብላ። እኔ ጭራሽ ጎመን ጨመርኩበት። አክስቴ ስትወጣ አየችኝ፤ ጩኸቷ እስከ ገበያው ሳይሰማ አልቀረም። ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ፣ በጥፊ መታችኝ፣ ጣቷን አፌ ውስጥ ከታ የጎረስኩትን አስተፋችኝ፣ ከዚያ ጨው በውሃ በጥብጣ አፌን ደጋግማ አጠበችኝ። እያለቀስኩ ታደለችን አየኋት። ድስቶቿን በገመድ እያሰረች ነበር።

«እትዬ፣ ያንን ጨው ለጎመኑ ብታደርጊው ይሻል ነበር» አለችና ሄደች።

ቅጠሉ ለምን እንደሚነጠፍ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ተበልቶበት ይጣላል፤ ጣባ ግን አይጣልም። ፀሐይ ላይ የምትቀመጠውም ደጃፉን እንዳታልፍ ነው። እኔ ክብር ያልኩት ሁሉ ንቀት ነበር፤ ንቀቱንም በሥነ ሥርዓት፣ አጥበው አነጣጥፈው ነው የሚያቀርቡት። ዛሬ ድረስ ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው። የሰደባት እኮ የለም። ሁሉም «ጌታ ይባርክሽ» ይላታል፤ ከአንገት በላይ።

ያም ሆኖ ታደለች ትመጣ ነበር። ለቆጮው እንዳይመስላችሁ። ድስት ለመሸጥ ስትዞር በጸሎት ቤቱ መስኮት በኩል ስብከት ሰምታ ነው ያመነችው፤ የማንን ስብከት ቢባል፣ የአባባ ኤርሱሞን። ያንን የእሁድ ልብስ ነገር ሰምታ «ይህ እውነት ከሆነ እኔንም ይመለከተኛል» ብላ መጣች። የጥምቀት ትምህርቱን በሩ ሥር ቁጭ ብላ ጨረሰች። ወንጌላዊው ለጠየቃት ሁሉ መለሰች። ከዚያ በኋላ አታጥምቋት የሚል ምክንያት ማን ያመጣል?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ሽማግሌዎቹ ምክንያት አላመጡም፤ ቦታ አመጡ። ተጠማቂዎቹ ከከተማው በታች ባለው ወንዝ በተለመደው ቦታ ይጠመቃሉ፤ ታደለች ግን ከእነሱ በታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ወዲያ። የነካት ውሃ ሌሎቹን እንዳይነካ! ጉባኤው መዝሙር እየዘመረ ወንዙ ዳር ሲቆም እኔ አባባ ኤርሱሞን እጃቸውን ይዤ፣ «አባባ፣ ታደለች ለምን ብቻዋን እዚያ ቆመች?» አልኳቸው። «ሥርዓት እንዲኖር ነው» አሉኝ። «ከላይ ብትሆን ውሃው ወደ ሌሎቹ ስለሚወርድ ነው?» አልኩ። ልጅ ነኝ፤ እውነት እየጠየቅሁ ነበር። እጄን ለቀቁና ወደ መዘምራኑ ተጠጉ።

ታደለች የቆመችበት ቦታ ከብት የሚጠጣበት ነበር። ወንጌላዊው ሌሎቹን ጨርሶ ወደ ታች እስኪወርድ መዝሙሩ አልቋል፤ ሰዉ ልብሱን እያራገፈ መበተን ጀምሯል። በሬዎች ያደፈረሱት ውሃ ውስጥ አጠመቃት። ስትወጣ ፀጉሯ ላይ ጭቃ ነበር። እኔና አክስቴ ብቻ ቀርተን ነበር፤ አክስቴ ደረቅ ነጠላ ይዛላታለች። ነገር ግን በእጇ አልሰጠቻትም፤ ቁጥቋጦ ላይ አስቀምጣላት ፈቀቅ አለች። ታደለች ነጠላውን ከቁጥቋጦው አንስታ ተከናነበች።

ከዚያ በኋላ ነው ለአክስቴ የያዕቆብን መልእክት ያነበብኩላት። ማንም መርጦ አልሰጠኝም፤ ተራው ደርሶ ነው። የወርቅ ቀለበት ያደረገ ሰው ወደ ጉባኤያችሁ ሲገባ በመልካም ስፍራ ታስቀምጡታላችሁ፣ ድኻውን ግን ቁም ወይም ከእግሬ በታች ተቀመጥ ትሉታላችሁ የሚለው ጋ ስደርስ የመፋቂያዋ ድምፅ ቆመ።

«ተመለሺ» አለችኝ።

«ምንም አልዋጥኩም አክስቴ።»

«አውቃለሁ። ተመለሺ።»

ተመለስኩ። ሦስተኛም አስነበበችኝ። ከዚያ፣ «ይሄ ሰው ሆሳዕና መጥቶ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አይ፣ ሐዋርያ ነው፣ ድሮ ነው የጻፈው አልኳት። «መጥቶ አይቶናል» አለች፣ እጇን በቅጠል እየጠረገች።

በማግስቱ ምሳ ላይ ለአባባ ኤርሱሞ ነገረቻቸው። ንባቡን በቃሏ ይዛዋለች። እሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ ተነፈሱ።

«ዘነበች፣ እኔ ቃሉ ጠፍቶኝ ይመስልሻል? ከተማው ጸረ ማርያም እያለ ይሰድበናል። ባለሥልጣኑ በክፉ ዓይን ያየናል። ነገ ደግሞ ከእነሱ ጋር በአንድ ጣሳ ይጠጣሉ ከተባልን፣ ልጆቻችንን ማን ያገባል? ከእኔስ ማን ጨው ይገዛል? ቀስ በቀስ ይሆናል።»

«ቀስ በቀስ የሚለው የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው? ልጅቷ ታንብብልኝ።»

አባባ ኤርሱሞ ወደ ቆጯቸው ተመለሱ። ጆሮ ዳባ ልበስ። እኔ ግን «ቀስ በቀስ» የሚለውን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠልቼዋለሁ። የሚወስነው ሌላ፣ የሚጠብቀው ሌላ ሲሆን፣ «ቀስ በቀስ» የሚለው ሁልጊዜ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው። ደግሞስ ራሱ በእምነቱ የሚሰደብ ሰው፣ መናቅ እንዴት እንደሚያቃጥል የሚያውቅ ሰው፣ ሌላውን ለመናቅ እንዴት አቅም ያገኛል? ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቀው ኖሬያለሁ።

የጌታ እራት እሁድ እየደረሰ ነበር። ታደለች ተጠምቃለች፤ ከማዕዱ የሚከለክላት የለም። ጽዋው ግን አንድ ነው፤ ብርዝ የሚሞላበት ትልቅ ነጭ የብረት ኩባያ፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚዞር። ነገሩ ለሽማግሌዎቹ የእግር እሳት ሆነባቸው። እኛ ቤት ተሰብስበው ሲነጋገሩ ሰማሁ። በመጨረሻ አንዱ፣ «ሸክላ ሠሪ አይደለችም እንዴ? የራሷን ኩባያ ሠርታ ታምጣ!» አለ፤ ሁሉም እፎይ አሉ። አንዱ እንዲያውም ሳቀ። ታደለች ጋ ሄዶ የነገራት ወንጌላዊው ነው። ምን እንዳለችው አላውቅም።

እሁድ ጠዋት ታደለች በሩ ሥር፣ ከሴቶቹ ሁሉ ኋላ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷ ላይ አዲስ የሸክላ ኩባያ። አክስቴ የሽማግሌ ሚስት ናት፤ ቦታዋ ፊት ነው። ያን ዕለት ግን ፊት ያለውን አግዳሚ አልፋ፣ እኔን በእጇ ይዛ ወደ ኋላ ሄደችና ከታደለች ቀጥላ ተቀመጠች። ጽዋው የሚዞረው ከፊት ወደ ኋላ ነው። ከታደለች ኋላ አክስቴ ብቻ ነበረች።

ጽዋውን የያዙት አባባ ኤርሱሞ ነበሩ። ሴቶቹን አንድ በአንድ አዳርሰው ታደለች ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ነጩን ኩባያ ከፍ አድርገው፣ ሁለቱ ኩባያዎች እንዳይነካኩ ተጠንቅቀው፣ ከላይ አንቆረቆሩላት። ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ብርዙ አዲሱን ሸክላ ሲነካው ያ የእርጥብ አፈር ሽታ እኔ ጋ መጣ። ታደለች ዓይኗን ጨፍና ጸለየችና መጠጣት ጀመረች።

አክስቴ እጇን ዘረጋች። «አትርፊልኝ» አለቻት።

ታደለች ኩባያውን ከአፏ አወረደች። «እትዬ፣ ኋላ አፍሽን ማን ያጥብሻል?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ማንም» አለች አክስቴ። ኩባያውን ከእጇ ተቀብላ፣ ታደለች በጠጣችበት በኩል አዙራ፣ የቀረውን ጠጣችው። ከፊት አንዲት ሴት «ውይ!» አለች። አባባ ኤርሱሞ ነጩን ኩባያ ይዘው፣ ሚስታቸውን እንዳላዩ አልፈው ወደ መድረኩ ተመለሱ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው የሚል ሰው ፊት ያን ዕለት አየሁ።

ቤት ስንገባ አክስቴ ቆጮና አይብ አቀረበች። አባባ ኤርሱሞ «ሆዴን አሞኛል» አሉ። ማታም አመማቸው። በማግስቱም። ከሸክላ ሠሪ ጋር የበላ ሰው እጁ እንደሚረክስ ሁሉም ያውቃል፤ ሆድ ሕመሙ እሱ ነው። በመጨረሻ እኔን ጠርተው ምግባቸውን እንዳበስል አዘዙኝ። ያረረ ቆጮ ጋገርኩላቸው፤ ጎመኑን ሳይበስል አወጣሁላቸው፤ በሉት። የቀቀልኩበትን ድስት የሠራችው ታደለች ነበረች። ይህን ለማሰብ የልጅ ጭንቅላት በቅቷል፤ በማዕድ ነው ክርስቲያን የሚታወቀው ብለው ለሰበኩት ሰው አልታያቸውም።

በሳምንቱ መሃል ሽማግሌዎቹ መጡ። አክስቴን አስቀምጠው፣ «የጉባኤውን ሥርዓት አፍርሰሻል። ባልሽን በሕዝብ ፊት አዋርደሻል። እሁድ ቆመሽ ጥፋትሽን ተናገሪ፣ ይቅርታም ጠይቂ፤ አለዚያ ከማዕዱ ትታገጃለሽ» አሏት።

አክስቴ «እሺ፣ እጠይቃለሁ» አለች።

ተናደድኩባት። እንዲያውም ከሽማግሌዎቹ ይበልጥ እሷ ላይ ተናደድኩ። በነጋታው ጓሮ ስትጠራኝ መጽሐፉን ይዤ አልሄድኩም። ፈራች፣ ተሸነፈች ብዬ ነበር። እሷም አልተቆጣችኝም፤ ብቻዋን ስትፍቅ ዋለች።

እሁድ ጸሎት ቤቱ ጢም አለ። ወሬ የሰማ ሁሉ፣ ከገጠርም ሳይቀር መጥቷል። አባባ ኤርሱሞ ከሽማግሌዎቹ ጋር ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። ታደለች በሩ ሥር ናት። የሽማግሌዎቹ ሊቀመንበር የአክስቴን ስም ጠሩና «እህታችን ለጉባኤው የምትናገረው አላት» አሉ።

አክስቴ ተነስታ ወጣች። በሀዲይኛ ነው የተናገረችው።

«በድያለሁ» አለች። «ሽማግሌዎች እንድናገር አዘውኛል፤ እናገራለሁ። አንዲት እህት በቤቴ ደጅ ላይ እንደ ውሻ አስቀምጬ አብልቻለሁ። ውሃ ስትለምነኝ ዕቃዬን ሰስቻለሁ። ይህች ልጅ አብራት ስለበላች መትቻታለሁ። ስትጠመቅ ልብስ በእጄ አልሰጠኋትም። ይህን ሁሉ ሳደርግ ቃሉ በየቀኑ ይነበብልኝ ነበር። ይቅርታ ጠይቂ ተብያለሁ፤ እጠይቃለሁ።»

ጀርባዋን ለሽማግሌዎቹ ሰጥታ በአግዳሚዎቹ መሃል እስከ በሩ ሄደች፤ ታደለች ፊት ተንበረከከች። «በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ» አለቻት።

ታደለች ተነሳች። ጎንበስ ብላ አክስቴን በሁለት እጇ ይዛ አነሳቻት። ታደለች ከዚያ ጉባኤ አንድ ሰው ስትነካ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር፤ አክስቴም እጇን አልነጠቀቻትም።

«ዘነበች» አለቻት፤ «እትዬ» ሳትል ስትጠራት ያን ቀን ነው የሰማሁት። «ይቅር ብዬሻለሁ። አንቺ ተቀመጪ። እኔ ግን ትንሽ ልቁም፤ ያልጠየቁኝ ገና አሉ።»

ከዚያም ከፊት የተደረደሩትን ሽማግሌዎች ከዳር እስከ ዳር እያየች ጠበቀች። አባባ ኤርሱሞ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ይዘው መሬት መሬቱን ያያሉ። ከመካከላቸው ማንም አልተነሳም። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠራርገው መዝሙር አስጀመሩ፤ ጉባኤውም እፎይ ብሎ ተነስቶ ከፍ ባለ ድምፅ ዘመረ። መዝሙሩ አልቆ ሁሉም ሲቀመጥ፣ ታደለች እንደቆመች ነበረች።